«ዋንጫ» የሚለውን ቃል ለልጆች ለማስተማር፣ ትርጉሞቹን በምን ቅደም ተከተል ላስቀምጥ?

ጥያቄ — የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ ተወልደው ለሚያድጉ፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 13 ዓመት ለሆነ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። አሁን የማዘጋጀው የንባብ ገጽ የመጠጫ ዕቃዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ በገጹ ላይ አንድ አዛውንት ከቀንድ በተሠራ ዕቃ ጠላ ሲጠጡ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር «ዋንጫ» ብዬ ጽፌ ረቂቁን ለተማሪዎቹ ባሳያቸው፣ ቃሉ ያለ ቦታው የገባ መስሏቸው ግር አላቸው፤ ለእነርሱ ዋንጫ ማለት ኳስ ተጫዋቾች ወደ ላይ አንሥተው የሚስሙት የሚያብረቀርቅ ሽልማት እንጂ የሚጠጣበት ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እርዳታ ይህ ነው። የቃሉን ትርጉሞች በየትኛው ቅደም ተከተል ባስቀምጥ ልጆቹ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዘው ይረዱታል? በእያንዳንዱ ትርጉም ከዋንጫ ጋር የሚሄዱት ግሦች የትኞቹ ናቸው? ከዚህም ሌላ ወላጆቻቸው «ነገ የሚካኤል ጽዋ አለብን» ሲሉ ስለሚሰሙ፣ ዋንጫና ጽዋ አንድ ናቸው ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ልዩነቱን ስናገር ባልሳሳትም ለልጅ በሚገባ መንገድ አጥርቶ መጻፉ ከብዶኛል። ሲኒ፣ ብርሌ፣ ኩባያ የመሳሰሉትንስ በዚያው ገጽ ላይ ላካትት ወይስ ልተዋቸው? በተለይ ቃላቱን በየሥራችሁ የምትገለገሉባቸው ብትመልሱልኝ እጅግ ደስ ይለኛል።

መልስ — የቀንድ ሠሪ ልጅ፣ ደሴ

ይከበሩ መምህር፣ ሥዕሉን ከገጹ እንዳያወጡት አደራ እላለሁ፤ የቀረው ትርጉም ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ዕቃ ነውና። አባቴ በቀንድ ሥራ ስላሳደገን ዋንጫ እንዴት እንደሚሠራ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ልጆቹም አሠራሩን ቢያውቁ ቃሉ ከአእምሯቸው አይጠፋም።

የበሬ ቀንድ ውጩ ልባስ፣ ውስጡ አጥንት ነው። ልባሱ የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው። ቀንዱ ሲቀቀል ወይም ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲከርም አጥንቱ ከልባሱ ይላቀቅና ተመትቶ ይወጣል። የሚቀረው ልባስ ከሥሩ ሰፊና ባዶ፣ ከጫፉ ግን ጠባብና ድፍን ስለሆነ፣ ድፍኑ ጫፍ ተቆርጦ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ ሰፊው ክፍል ለዋንጫ ይቀራል። እዚህ ላይ ልጆች የሚገረሙበት ነገር አለ፤ ቀንዱ ከተቆረጠ በኋላ ከላይም ከታችም ክፍት ስለሚሆን፣ ቂጡ በእንጨት ወይም በሌላ የቀንድ ቁራጭ ጥብቅ ተደርጎ ካልተደፈነ ጠብታ ውኃ እንኳ አይዝም። ቀንድ በሙቀት ስለሚለሰልስ ሠሪው በትኩሱ አፉን ክብ አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በቢላዋ ይፍቀዋል፣ በጠርሙስ ስባሪና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ በመጨረሻም ቅባት ነክቶ በጨርቅ ይወለውለዋል። ጥቁሩ፣ ነጩና ቡናማው የቀንዱ መልክ ጎልቶ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

በዋንጫ መጠጣት ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። ዋንጫ ቢወድቅ እንደ ሸክላ አይሰበርም፣ አይከብድም፣ በመንገድም በዘመቻም ከባለቤቱ ጋር ይጓዛል። የመስተዋት ብርሌ ከመስፋፋቱ በፊት በግብር አዳራሽ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ይቀርብ ነበር። ዛሬ በየጠላ ቤቱ የሚቀዳልን በጣሳ ወይም በብርጭቆ ነው፤ የቀንድ ዋንጫ ይበልጥ የሚታየው በበዓል፣ በሠርግና በባህል ምግብ ቤት ስለሆነ ልጆቹ ባያውቁት አይፈረድባቸውም። ለዚህ ትርጉም የሚስማሙት ግሦች መቅዳት፣ መጎንጨት፣ መጨለጥና ማለቅለቅ ናቸው። «ዋንጫውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው» ሲባል የተጨለጠው በውስጡ ያለው ጠላ መሆኑን ቢያስረዷቸው፣ የዕቃው ስም ለያዘው ነገር ሲቆም ማየት ይጀምራሉ።

መልስ — የስፖርት ዘጋቢ፣ አዲስ አበባ

የደሴው ወንድማችን የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ በቅደም ተከተሉ ላይ ግን እለያለሁ። ልጅ የሚማረው ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ሲሄድ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የኳሱን ዋንጫ አስይዟቸውና ወደ ቀንዱ መልሷቸው። ይሁን እንጂ የኳሱም ዋንጫ ቢሆን አንድ ትርጉም ብቻ እንደሌለው ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኛ በየቀኑ ስንጽፍ ቃሉን በሦስት መንገድ እንጠቀምበታለን።

የመጀመሪያው ሽልማቱ ራሱ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው ዕቃ ነው። ሁለተኛው የውድድሩ ስም ነው፤ «የአፍሪካ ዋንጫ»፣ «የዓለም ዋንጫ»፣ «የኢትዮጵያ ዋንጫ» ስንል ስለ ብረቱ እየተናገርን አይደለም። ሦስተኛው የፍጻሜው ግጥሚያ ሲሆን፣ «ለዋንጫ ደረሱ» ወይም «ለዋንጫ አለፉ» የሚለው አነጋገር ገና ዋንጫውን ላላገኘ ቡድን የሚነገረው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስቱንም ከአገራችን ታሪክ ማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ለዋንጫ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባስተናገደችው ሦስተኛው ውድድር ግን፣ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በጭማሪው ሰዓት ሁለት ግብ አክላ ያንኑ ግብፅን 4 ለ 2 ረታች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ «የአፍሪካ ዋንጫ» ውድድሩ፣ «ለዋንጫ» የፍጻሜው ጨዋታ፣ «ዋንጫውን» ደግሞ ዕቃው ነው። ተማሪዎቹ በሦስት ቀለም እንዲያሰምሩባቸው ቢያደርጉ ጥሩ መልመጃ ይወጣዋል።

ሽልማቱ ከመጠጫ ዕቃ ጋር የተገናኘው በአውሮፓ ለአሸናፊ የብር መጠጫ የመሸለም የቆየ ልማድ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ የሚካሄደው የእንግሊዝ ኤፍኤ ዋንጫ ሽልማት ዛሬም ባለ ሁለት ጆሮ፣ ባለ ክዳን ዕቃ ነው። እኛም ይህን ስፖርት ስንቀበል ለሽልማቱ አዲስ ስም ከመፍጠር ይልቅ የራሳችንን የክብር መጠጫ ስም ሰጠነው፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ ስም ሊገኝለት አይችልም ነበር። ስሙ ከዚያ በኋላ ከቅርጹ ተላቆ ሄዷል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1970 ለሦስተኛ ጊዜ አሸንፋ ያስቀረችው የቀድሞው የዓለም ዋንጫ፣ ባለ ክንፍ ሴት በራሷ ላይ መጠጫ መሳይ ዕቃ ተሸክማ የምታሳይ ነበር። ከ1974 ጀምሮ የሚሰጠው ግን ሁለት ሰዎች ምድርን ወደ ላይ ሲደግፉ የሚያሳይ፣ 36.8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የወርቅ ቅርጽ ስለሆነ ምንም ነገር አይቀዳበትም፤ ሆኖም በአማርኛ ዋንጫ ከመባል አልቀረም። የሁለቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡላቸው ልጆቹ ትርጉሙ እንዴት እንደተጓዘ በዓይናቸው ያዩታል።

ግሦቹን በተመለከተ፣ ዋንጫ ይነሣል፣ ይወሰዳል፣ ይሳማል፤ ያላሸነፈ ቡድን ዋንጫ ያመልጠዋል። በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ውድድር ደግሞ ከአንዱ አሸናፊ ወደ ሌላው የሚሄደው «ተዘዋዋሪ ዋንጫ» ይባላል።

ጥያቄ — የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሦስቱን ቀለም መልመጃ በእርግጥ እጠቀምበታለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆቹ ከአባቶቻቸው «ክለባችን ዘንድሮ ዋንጫ በላ» የሚል ይሰማሉ። ይህን በመማሪያ ገጽ ላይ ማስገባት ተገቢ ነው?

መልስ — የመጻሕፍት አራሚ፣ ሐዋሳ

ማስገባት ተገቢ ነው፤ የንግግር አማርኛ መሆኑን ግን ከጎኑ ይጻፉበት። በአማርኛ «በላ» ከምግብ ውጭም ሰፊ ሥራ አለው፤ ዕቁብ የደረሰው ሰው «ዕቁቡን በላ» ይባላል፣ በጨዋታ ያሸነፈም «በላሁህ» ይላል። «ዋንጫ በላ» ከእነዚህ ጋር የሚመደብ ስለሆነ የቋንቋው ሕያው ክፍል ነው። በዜናና በመጽሐፍ ግን «ዋንጫ አነሣ» ወይም «የዋንጫ ባለቤት ሆነ» የሚለው ይመረጣል።

መልስ — የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ጎንደር

ስለ ጽዋ የተጠየቀውን እኔ ልመልስ፤ ሰፋ ብሎ መነገር የሚገባው እርሱ ይመስለኛልና።

ጽዋ ከግእዙ «ጽዋዕ» የመጣ ሲሆን በመሠረቱ እርሱም መጠጫ ማለት ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንደ ተራ የቤት ዕቃም እናገኘዋለን። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40 የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ በሕልሙ ወይኑን የጨመቀው በጽዋ ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ጌታችን ፈሪሳውያንን ስለ ጽዋና ስለ ወጭት ውጭ መጥራት የገሠጻቸው በየማዕዱ ስላለው ዕቃ እየተናገረ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ቃሉ ወደ ቤተ መቅደስና ወደ ከፍ ያለ አነጋገር አዘንብሏል። በቅዳሴ ጊዜ ሥጋ ወደሙ ከሚከብርባቸው ንዋያተ ቅድሳት መካከል ጻሕሉ ኅብስቱን ይይዛል፣ ጽዋው ወይኑን ይይዛል፣ ደሙም ለምእመናን ዕርፈ መስቀል በሚባለው የቅዳሴ ማንኪያ ይሰጣል። ይህን ዕቃ ዋንጫ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ልጆቹ ይህን በጥንቃቄ እንዲይዙት ያስፈልጋል።

ወላጆቻቸው «የሚካኤል ጽዋ አለብን» የሚሉት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትርጉም ነው። በአንድ ቅዱስ ስም የተሰበሰቡ ምእመናን በየወሩ የቅዱሱን ዕለት ጠብቀው፣ የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21፣ በተረኛው ቤት ይገናኛሉ። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ የተገኘ ችግረኛም አብሮ ይበላል። ማኅበሩን የሚመራው «ሙሴ» ይባላል። ዝክሩ ሲያበቃ የማኅበሩ ጽዋ በንጹሕ ጨርቅ እንደተሸፈነ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል፤ «ጽዋ ተቀበለ» ማለት የሚቀጥለውን ዝክር የማዘጋጀት ኃላፊነት ወሰደ ማለት ነው። «እነ እገሌ ጽዋ ይጠጣሉ» ሲባልም የማኅበሩ አባላት መሆናቸው ይነገራል እንጂ ስለ መጠጡ ብዛት የሚወራ ነገር የለም። እንደምሰማው በእናንተ አገር የሥራ ቀን ስለማይመች ብዙዎች ዝክሩን ወደ ቅዳሜና እሑድ ያዛውሩታል፤ ስለዚህ ልጆቹ ዕለቱ ለምን 12 ላይ እንዳልዋለ ቢጠይቁ መልሱ ይኸው ነው። ከተማሪዎቹ መካከል ወላጆቹ ጽዋ የሚጠጡ ካለ፣ በሚቀጥለው ተራ ከማኅበሩ መካከል ተቀምጦ ዝክሩን እንዲመለከትና ያየውን በክፍል እንዲናገር ቢያደርጉ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ሦስተኛው ትርጉም ለሰው የተመደበለት ዕጣ ነው። በመዝሙረ ዳዊት «ጽዋዬም የተረፈ ነው» ሲል የተትረፈረፈ በረከትን ይናገራል፤ ጌታችን በጌቴሴማኒ ይህች ጽዋ ከእርሱ እንድታልፍ ሲጸልይ ደግሞ ሊቀበለው ያለውን መከራ ይናገራል። በዛሬው አማርኛም «የመከራ ጽዋ»፣ «የሞትን ጽዋ ተጎነጨ»፣ «የግፉ ጽዋ ሞልቶ ፈሰሰ» እንላለን። ለ9 ዓመት ልጅ ይህ ሊከብደው ስለሚችል ከፍ ላሉት ብቻ ይሁን።

መልስ — የመጻሕፍት አራሚ፣ ሐዋሳ

አገልጋዩ በመልካም ሁኔታ አስረድተዋል። ልጆቹ ራሳቸው ልዩነቱን እንዲያገኙት ከፈለጉ፣ አንዱን ቃል በሌላው ቦታ እየተኩ ዐረፍተ ነገሩን እንዲያነቡ ያድርጓቸው። «የሞትን ዋንጫ ተጎነጨ»፣ «የማርያም ዋንጫ አለብን»፣ «ቡድናችን ጽዋ አነሣ» ቢባል አማርኛ የሚያውቅ ሰው ጆሮ ወዲያው ይቃወማል፤ የመጨረሻው በመንግሥት ግብዣ ላይ እንግዶች ለወዳጅነት ጽዋ ማንሣታቸውን የሚያስመስል መሆኑም ለትላልቆቹ ተማሪዎች ጥሩ መወያያ ይሆናል።

የቀሩትን መጠጫዎች በአንድ ገጽ ላይ ማጨቁ ልጆቹን ያደክማቸዋልና ለሁለተኛ ገጽ ያቆዩዋቸው። በዚያ ገጽ ላይ ግን ሳይነገር መቅረት የሌለበት የሰዋስው ነገር አለ። የመጠጫ ዕቃ ስም ለመስፈሪያ ሲያገለግል የብዙ ቁጥር ምልክት አይቀበልም። «ሁለት ብርጭቆ ሽሮ»፣ «አንድ የቡና ሲኒ ዘይት»፣ «ሦስት ብርሌ ጠጅ» እንላለን፤ «ሦስት ብርሌዎች ጠጅ» አይባልም። ስለ ዕቃዎቹ ስንናገር ግን «ብርጭቆዎቹ ተሰበሩ»፣ «ዋንጫዎቹ በመደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል» ማለት ይቻላል። በጉልት ቡና በሲኒ፣ እህል በጣሳ ተሰፍሮ ሲሸጥ ያደገ ሰው ይህን ሳይማረው ያውቀዋል፤ ውጭ አገር ያደገ ልጅ ግን ካልተነገረው «ሁለት ብርጭቆዎች ሽሮ» ብሎ ይጽፋል። የአረቄ መጠጫዋ ትንሽ ብርጭቆ ስሟ ጭራሽ «መለኪያ» ሆኖ መቅረቱም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው።

ስለ ሲኒ ሲጽፉ ስሙ ቻይናዊ ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል የመጣ መሆኑን ይጥቀሱላቸው፤ ሸክላው ከየት አገር ይመጣ እንደነበረ ስሙ ራሱ ይናገራል። ለብርሌ ደግሞ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው ተረትና ምሳሌ አለ። ልጆቹ «ነቃ» የሚለውን ከእንቅልፍ መንቃት ብቻ አድርገው ስለሚያውቁት፣ መስተዋት ወይም ሸክላ ሲሰነጠቅም «ነቃ» እንደሚባል መጀመሪያ ያስረዱ፤ ያለዚያ ተረቱ ትርጉም አይሰጣቸውም። የደሴው ወንድማችን የጠቀሱት «ብርጭቆ ወረቀት» ደግሞ እንጨትና ብረት የሚለሰልስበት ሸካራ ወረቀት እንጂ የመጠጫ ዕቃ ስላልሆነ፣ በግርጌ አንድ መስመር ማብራሪያ ቢያገኝ መልካም ነው።

መልስ — የመስመር ሠራተኛ፣ አዳማ

ከተነሣው ላይ አንድ ልጨምር። እኛ በኤሌክትሪክ ሥራ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን የሸክላ ዕቃ «ሲኒ» እንለዋለን። በቅርጹም በተሠራበት ነገርም ከቡና ሲኒ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። በመንገድ ላይ ቀና ብሎ ማየት ስለሚቻል ልጆቹ ለዕረፍት አገር ቤት ሲመጡ ያሳዩአቸው።

ጥያቄ — የቅዳሜ አማርኛ አስተማሪ

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ከኳሱ ዋንጫ ልጀምርና፣ ከሁለቱ የዓለም ዋንጫዎች ፎቶግራፍ ወደ ቀንዱ ሥዕል እሻገራለሁ፤ ጽዋ የራሱ ገጽ ይኖረዋል፤ ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ብርሌና መለኪያ በመስፈሪያነታቸው በሦስተኛው ገጽ ይገባሉ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ከአገር ቤት የመጣልኝ የቀንድ ዋንጫ ስላለ ወደ ክፍል ይዤው ልሄድና ልጆቹ ውኃ እንዲጠጡበት አስቤ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሳጥን ውስጥ ቆይቶ ትንሽ ሽታ አለው። ምን ላድርግ?

መልስ — የቀንድ ሠሪ ልጅ፣ ደሴ

ሽታው እንዲለቅ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በደንብ ይጠቡት፤ ካልለቀቀው ሎሚ የተጨመቀበት ለብ ያለ ውኃ ሞልተው ጥቂት ያቆዩትና ያለቅልቁት። የፈላ ውኃ ፈጽሞ አይጨምሩበት፣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽንም አይክተቱት፤ ቀደም ሲል እንዳልኩት ቀንድ በሙቀት ስለሚለሰልስ አፉ ይጣመማል፣ የቂጡ ድፋንም ይላቀቃል። ከታጠበ በኋላ አፉን ወደ ታች ደፍተው በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። ለቱሪስት ተብለው ከሚሠሩት አንዳንዶቹ ከውስጥም ከውጭም በቫርኒሽ የተቀቡ ስለሆኑ፣ ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ልጆቹ በእጃቸው ይዘው ይዩት እንጂ አይጠጡበት። ያልተቀባ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውኃ ሞልተው ደረቅ ወረቀት ላይ ያስቀምጡትና ቂጡ የማያንጠባጥብ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ የድፋኑን ዙሪያ በንጹሕ ሰም ይሙሉት።